ሰባተኛው ምት

አባቴ በሞተ ቁጥር እኔ የእንቁላል ኬክ እበላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ ሥራ በፊልም ውስጥ ዱላ መቅመስ ነበር። ጀግናው ቡጢ ይሰነዝራል፣ አባቴ ይወድቃል፤ ጀግናው ይወረውረዋል፣ አባቴ ጠረጴዛ ይሰብራል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ይሞታል። በእኛ በሆንግ ኮንግ ሰዎች ዘንድ ፊልም ላይ የሞተ ሰው እንዲሁ ወደ ቤቱ አይሄድም። የሞት ጥላ ተከትሎት እንዳይገባ ከሥራው ቦታ ትንሽ ቀይ ፖስታ ይሰጠዋል፤ በውስጧ ያለችውንም ሳንቲም የቤቱን ደጃፍ ሳይረግጥ ጣፋጭ ነገር ገዝቶ መጨረስ አለበት። አባቴ ከአውቶቡስ ወርዶ ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት ሁለት ትኩስ የእንቁላል ኬክ ይገዛል። አንዱ ለእናቴ፣ አንዱ ለእኔ። እሱ ጣፋጭ አይወድም ነበር። ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሩዝ ገንፎዬን እየበላሁ እጠይቀዋለሁ።

"አባባ፣ ዛሬ ትሞታለህ?"

"ቱ! ቱ! ቱ!" ትላለች እናቴ። "ምን ዓይነት አፍ ነው ያለሽ! ተነሺና በሻይ ተጉመጥመጪ!" እናቴ ቤት ውስጥ የፕላስቲክ አበባ እየገጣጠመች ለፋብሪካ ታስረክብ ነበርና ስትቆጣ በእጇ ያለውን ጽጌረዳ ትወረውርብኛለች።

"ዛሬ አልሞትም" ይላል አባቴ ጫማውን እያሰረ። "ዛሬ እግሬን ብቻ ነው የሚሰብሩኝ። ሐሙስ ግን አይቀርልኝም።"

እኔም ሐሙስን እጠብቃለሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰባዎቹ አጋማሽ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስሜ ሳው-ኪት ነው፤ በኮውሉን ሠፈራችን ግን "የትራሱ ልጅ" ነበር የምባለው። ስሙ ሞክ የሆነውን አባቴን የሥራ ባልደረቦቹ ትራስ ይሉት ነበር። ለምን እንደሚሉት አልጠየቅሁም፤ ግልጽ ነው ብዬ ነበር። ትራስ የሚመታ ነገር ነው። ተመትቶ መልሶ አይመታም። ይህ ስም ምን ያህል እንደሚያሳፍረኝ ለአባቴ ነግሬው አላውቅም፤ ለክፍሌ ልጅ ለፉንግ ግን ፊቴ ይነግረው ነበር መሰለኝ፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር ያንኑ ያነሳብኛል።

"አባትሽን ትናንት ሲኒማ አየሁት" ይላል ፉንግ። "ሦስት ጊዜ ተመታ። አንዱ በወንበር ነው።"

"ሥራው ነዋ!"

"መመታት ሥራ ከሆነማ አያቴም ትቀጠር። እሷ ሳይመቷትም ትወድቃለች።"

ልጆቹ ሳቁ።

"አንድ ቀን ያሸንፋል!" አልኩት።

"ትራሱ? ትራሱ ካሸነፈ አንድ ወር ሙሉ ቦርሳሽን እሸከማለሁ።"

የዚያን ቀን አባቴ ሲመጣ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ ያዝኩት። ጃኬቱ እንደ ሁልጊዜው የወጌሻ ዘይት ይሸታል፣ እጅጌው ላይም ዱቄት አለ። እኔ ይህን ዱቄት እያየሁ አባቴ ከሞተ በኋላ ዳቦ ቤት ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

"አባባ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለምን አታሸንፍም?"

ሳቀ። ከአልጋው ላይ ትራስ አንስቶ ወንበር ላይ አስቀመጠው። "ምቺው" አለኝ።

መታሁት።

"ምን አየሽ?"

"ምንም።"

"የመታሽው ግን አጥብቀሽ ነው፤ አይደለም?" ትራሱን ጥሎ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "አሁን እኔን ምቺኝ። ግን እዚህች ጋ ስትደርሺ አቁሚ።" ከጉንጩ አንድ ስንዝር የሚርቅ ቦታ በጣቱ አሳየኝ።

እጄን ሰነዘርኩና አቆምኩ። የአባቴ ራስ ተሽከረከረ፣ ወንበሩ ተገለበጠ፣ እሱም በእናቴ የጽጌረዳ ክምር ላይ ሄዶ ተዘረጋ።

"የአንድ ቀን ሥራዬን!" ጮኸች እናቴ። "ሁለታችሁንም በመጥረጊያ ነው የምመታችሁ፤ ያኔ እናያለን ማን እንደሚወድቅ!"

አባቴ ከአበባው መሃል ቀና አለ። "እጅሽ ነክቶኛል ትያለሽ?"

"አልነካህም።"

"ታዲያ ቡጢውን ማን ሠራው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ አላስተኛ አለኝ። ማሸነፉ ቀርቶ የመመታቱ አሠራር ያጓጓኝ ጀመር። ዱቄቱ ለምንድን ነው? ለካ ከልብሱ ሥር ይነሰነሳል፤ ቡጢው ሲያርፍ ቡን ብሎ እንዲነሳ። "ጉልበት አይታይም፤ አቧራ ግን ይታያል" አለኝ። ሰው ሲኒማ ቤት የሚጮኸው መቼ ነው? ቡጢው ሲያርፍ ነው አልኩ። "አይደለም። ሊያርፍ ሲል ነው። ሲያርፍማ ይተነፍሳል። እኛ የምንሸጠው ያንን ትንፋሽ ነው።" ጀግናው ለምን እሱም ይደማል? "የማይደማ ሰው ቢያሸንፍ ማን ይደሰታል? ውሃ ድንጋይ ላይ ሲወርድ እንደማየት ነው።" ሁሉንም ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩት፤ ደብተሩ ዛሬም አለኝ። ለጥያቄዬ ግን፣ ለምን እንደማያሸንፍ፣ መልስ የለበትም።

ቤታችን አንድ ክፍል ነበር፤ የወላጆቼን አልጋ ከእኔ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት የተኛሁ መስሏቸው ሲያወሩ ሰማሁ።

"ግራውስ ዛሬ እንዴት ነው?" አለች እናቴ።

"ጭጋግ ነው።"

"ለፓት ንገረው።"

"ነግሬው ምን ልሁን? ካንቺ ጋር ጽጌረዳ ልገጣጥም?"

"አንድ ቀን የምር ይገድሉሃል።"

"ስሞት ልጅቷ ኬክ ትበላለች።"

እናቴ አልሳቀችም። እኔ ቀስ ብዬ ተነስቼ በግራ በኩል ባለው መስኮት አየሁ። ጭጋግ የሚባል ነገር የለም፤ ከወደቡ ማዶ ያሉት ኮረብታዎች ሳይቀር ወለል ብለው ይታያሉ። አዋቂዎች ሲያወሩ እንዲህ ነው፣ በሌለ ዝናብ ይጣላሉ ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።

ጭጋጉ በአባቴ ግራ ዓይን ውስጥ ነበር። ይህን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ከእናቴ ነው። ከዓመታት መውደቅ በኋላ የዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም መላጥ ጀምሮ ኖሯል። ከግራ የሚመጣ ቡጢ ለእሱ ከየትም የማይመጣ ቡጢ ነው። ድብድቦቹን የሚያቀናብረው ፓት ይህን ካወቀ ሥራ የለም፤ ካላወቀ ደግሞ አንዱ ቀን የመጨረሻው ይሆናል። አባቴ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ ፈለገ። ሦስተኛው መንገድ እኔ ነበርኩ።

በሳምንቱ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮና አንድ ጥንድ የመመገቢያ እንጨት አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። "ጨዋታ ላስተምርሽ" አለኝ።

ጨዋታው ቀላል ነበር። እናቴ ተነስታ ከአባቴ ፊት ትቆማለች፤ እያጉረመረመች ቀኝ እጇን ትሰነዝራለች። እኔ እጇን ማየት የለብኝም፤ ትከሻዋን ነው። "ትከሻ ወሬኛ ነው" ይላል አባቴ፣ "ከቡጢው ቀድሞ ይናገራል።" ትከሻዋ ሲነሳ ቆርቆሮውን እመታለሁ፤ አባቴ ራሱን አሽከርክሮ ይወድቃል። የግራ እጇን ስትሰነዝር እኔ ዝም። በአሥር ቀን ውስጥ አንድም ትከሻ አያመልጠኝም ነበር። እናቴ ግን በጨዋታው ስትደሰት አላየሁም፤ አንድ ቀን እጇን እንደሰነዘረች ቆማ ማልቀስ ጀመረች። የደከማት መሰለኝና ሻይ ቀዳሁላት።

እኔ ከዚህ ጨዋታ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ስመታ አባቴ ይወድቃል፣ ሳልመታ አይወድቅም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ ወደ ቀረጻው ይዞኝ ሄደ። በመንገድ ላይ እንደ ልማዱ በግራው በኩል አስኬደኝ፤ እጄን ይዞ። ልብ ያለው በግራ ስለሆነ ነው የሚል እምነት ነበረኝ።

ፓትን ያኔ በቅርብ አየሁት። ፓት ማለት ስምንት ነው፤ ለእናቱ ስምንተኛ ልጅ ነበርና ሁላችንም አጎቴ ፓት እንለዋለን፣ ሠራተኞቹ ደግሞ መምህር። በልጅነቱ የቻይና ኦፔራ ትምህርት ቤት ውስጥ ቁልቁል በእጁ ቆሞ እየተገረፈ ያደገ፣ አጭር፣ ከሲጋራው በቀር ምንም የማይጥመው ሰው ነበር። የሻይ ቤት አዳራሽ አሠርቷል፤ መሃሉ ላይ የእንጨት ደረጃ አለ። ከላይኛው ጫፍ ላይ አባቴ ይመታና የደረጃውን መደገፊያ እንጨት ሰብሮ እየተንከባለለ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ቡጢ እስከ መውደቁ ድረስ ካሜራው ሳይቋረጥ ነው የሚቀርጸው።

ድብድቡ ሊጀመር ሲል አንድ ሻይ አቅራቢ ሰሃን ይዞ በደረጃው ቀስ ብሎ ይወጣል። ይህ ገረመኝ።

"አጎቴ ፓት፣ ይሄ ሰውዬ ለምን ነው የሚወጣው? ከላይ እኮ ሻይ ያዘዘ ሰው የለም።"

ሠራተኞቹ ዞረው አዩኝ። አጎቴ ፓት ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። "ስንት ደረጃ ወጣ?"

"ዘጠኝ።"

"ማን ቁጠሪ አለሽ?"

"ማንም። ሲወጣ አይቼው ነው።"

"ይኸው። አባትሽ ሲወድቅ ደግሞ ሆድሽ ዘጠኙንም አንድ በአንድ ይቆጥራል። ደረጃውን ሳያውቀው የወደቀ ሰው አያሳዝንም፤ ያስደነግጣል እንጂ። አንቺ ትራስ፣ ይቺን ልጅ ከየት አመጣሻት? ከረዳቴ ትሻላለች!" አባቴን ሲያሾፍበት በሴት ይጠራው ነበር።

"ቤት የሚይዛት የለም መምህር" አለ አባቴ። "እዚህ ጥግ ቆርቆሮዋን እየመታች ትጫወታለች፤ አታስቸግርም።"

በዚያን ዘመን ፊልም ሲቀረጽ ድምፅ አይቀዳም፤ ንግግሩም የቡጢው ጩኸትም ኋላ በሌላ ክፍል ነው የሚጨመረው። ስለዚህ ካሜራው እየዞረ አናጺዎች ይመታሉ፣ ጥግ ላይ ቁማር የሚጫወቱት ይጨቃጨቃሉ፣ አጎቴ ፓትም "አንድ! ሁለት! ዝቅ በል አንተ በሬ!" እያለ ይጮሃል። በዚህ ሁሉ መሃል የአንዲት ልጅ ቆርቆሮ ለማን ይሰማል? ለአንድ ሰው ብቻ።

ጀግናው ሎይ ቹን ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከቦክስ ውድድር ነው ያመጡት። ትሑት ልጅ ነበር፣ ለእኔ እንኳ ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሎኛል። ግን አጎቴ ፓት አልወደደለትም። "ይሄ ልጅ መምታት ያውቃል" ሲል ሰማሁት፣ "አለመምታትን ማን ያስተምረው? እጁ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። ከትራስ በቀር ማን ይቀበለዋል?" ይህን ስሰማ አባቴን የናቀው መሰለኝና ቂም ያዝኩ። አሁን ሳስበው በሕይወቴ ስለ አባቴ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ነበር።

ከሎይ ቀኝ እጅ የሚመጡት ቡጢዎች ሰባት ናቸው። ሰባተኛው ከደረጃው ጫፍ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀረጻ ሰባቱንም መታሁ፤ አባቴም ወደቀ፤ ግን ሎይ አዳልጦት ኖሮ አልሆነም። በሁለተኛው መደገፊያው በአራተኛው ቡጢ ገና ሳይነካ ተሰበረ። አናጺው አንድ መደገፊያ ብቻ እንደቀረ ነገረን። አጎቴ ፓት ሁሉንም ዞሮ አየ። "ይሄም ካልሆነ በመደገፊያው ፋንታ እናንተን ነው የማቆማችሁ" አለ።

ምሳ ተበላ። አባቴ ሩዙን ሳይጨርስ ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። አንዴ ዘጠኙንም ደረጃ ወርዷል፤ በሁለተኛውም አራት ቡጢ ተቀብሏል። አየሁትና አሳዘነኝ። ከዚያ የፉንግ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። አባቴ የሚወድቀው እኔ ስለምመታ ነው ብዬ አሰብኩ። ታዲያ ባልመታስ? አባቴ አይወድቅም። ሎይ ይስታል፤ ሲስት ደግሞ መደገፊያው ፊት ለፊቱ ነው፣ ራሱ ይወርዳል። አጎቴ ፓትም ሌላ መደገፊያ ስለሌለው የግዱን ይቀበላል፣ ፊልሙም አባቴ ያሸነፈበት ሆኖ ይወጣል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ የእኔ ቡኮ ግን በዚያች ሰዓት እንከን የለሽ ሆኖ ነበር የታየኝ።

ካሜራው መዞር ጀመረ። ሻይ አቅራቢው ዘጠኙን ወጣ። አጎቴ ፓት ጮኸ። የሎይ ትከሻ ተነሳ፤ መታሁ፣ ዱቄት ቡን አለ። ሁለት። ሦስት። አባቴ እንደዚያን ቀን ሆኖ አያውቅም። በአምስተኛው ጠረጴዛ ላይ ተንከባለለ፤ ቁማርተኞቹ ሳይቀሩ ዞሩ። በስድስተኛው ደረጃውን ወደ ኋላ እየረገጠ ወጣ። ከጫፉ ደረሱ።

የሎይ ትከሻ ተነሳ። እንጨቴ አየር ላይ ቀረ።

አባቴ ወደ ሎይ አላየም። ፊቱን አዙሮ ወደ እኔ አየ። ጥቅሻ የላከልኝ መሰለኝ፤ ገባው ብዬ ተደሰትኩ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቡጢ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የማይነካ ቡጢ ድምፅ የለውም። ይህኛው እርጥብ ጨርቅ ድንጋይ ላይ እንደመምታት ያለ ነበር።

አባቴ መደገፊያውን ይዞ ወረደ። ሆዴ ዘጠኙንም ቆጠረ። ከታች ሲደርስ መነሳት፣ ስኒ አንስቶ መወርወር፣ ከዚያ ተደፍቶ መቅረት ነበረበት። ከቅንድቡ ደም እየወረደ ተነሳ። ስኒውን ለመያዝ ሁለት ጊዜ አየር ጨበጠ፤ በሦስተኛው አገኘው። ወረወረው። ተደፋ።

"በቃ!" አለ አጎቴ ፓት።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሎይ ብቻ እጁን ይዞ ቆሟል። "መታሁት! ወንድሞቼ፣ የምር መታሁት!" እያለ ያለቅሳል።

"የአንተ ጥፋት አይደለም" አለ አባቴ ከወለሉ ላይ። "እኔ ነኝ ቀድሜ የዞርኩት።"

አጎቴ ፓት አጠገቡ ተንበረከከ። እጁን በአባቴ ግራ ጉንጭ በኩል ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ። ዝንብ የሚያባርርለት መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ፣ ወደ ቆርቆሮዬ አየ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለው ቀስ ብሎ።

"ከአዲስ ዓመት ወዲህ መምህር።"

"አንተ ውሻ!" አለ አጎቴ ፓት፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ተነስቶ ረዳቱን ጠራ። "ቀይ ፖስታ አምጣ።"

"ለማን?" አለ ረዳቱ። "በዚህ ትዕይንት የሚሞት የለም እኮ።"

"አምጣ አልኩህ!"

በሁለት እጁ ለአባቴ ሰጠው። አባቴም አንገቱን ደፍቶ በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ሳይሞት ፖስታ ተሰጠው! ይህ ሽልማት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በመንገድ ላይ በፋሻ የታሰረ ራሱን ቀና አድርጎ፣ እኔን በግራው ይዞ፣ ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት አምስት ኬክ ገዛልኝ። ሦስቱን እዚያው ደጃፉ ላይ በላሁ። እሱ ቆሞ ሲያየኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ ፊልም ላይ ሞቶ አያውቅም። ቀይ ፖስታው ለየትኛው ሞት እንደነበር ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። አጎቴ ፓት አንድ የሞተ ነገር አይቷል፤ ጥላው ተከትሎን ቤት እንዳይገባ ነው የሸኘን።

ፊልሙ ሲወጣ ቅዳሜ ከሰዓት አየሁት። አዳራሹ ሸንኮራ በሚግጥና ኦቾሎኒ በሚፈለፍል ሰው ጢም ብሎ ነበር። ፉንግ ከፊቴ ተቀምጧል። እስከ ስድስተኛው ቡጢ ድረስ ሰው ይሳደባል፣ ይስቃል፣ "ድገመው!" ይላል። ከደረጃው ጫፍ ላይ አባቴ ፊቱን ሲያዞር አዳራሹ ዝም አለ። በሸራው ላይ እኔ የለሁም። ያለው የሚፈልገውን ነገር ያላገኘ ሰው ፊት ብቻ ነው። ጥቅሻ አልነበረም። አንድ ድምፅ እየጠበቀ ነበር። ከዚያ ቡጢው አረፈ፤ ስድስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ፉንግ ተነስቶ ቆሟል።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፉንግ ጠበቀኝ። "አላሸነፈም" አለ።

"አላሸነፈም" አልኩ።

ጥቂት አሰበና ቦርሳዬን ከትከሻዬ ወሰደ። አንድ ወር ሙሉ ተሸከመው። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

አጎቴ ፓት አባቴን አልጣለውም። ለቡጢዎቹ ድምፅ የሚጨመርበት ክፍል ውስጥ አስገባው። አባቴ እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቅል ጎመን በቢላ ጀርባ እየመታ፣ እርጥብ ቆዳ እየገረፈ፣ የአሳማ ሥጋ እየደበደበ ሃያ ስድስት ዓመት ሠራ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እየሄድኩ፣ ቆርቆሮዬን ይዤ፣ ሥራውን ከእጁ ተማርኩ። ዛሬም እንጀራዬ ይኸው ነው። በሌሎች ሰዎች ቡጢ ላይ ድምፅ አስቀምጣለሁ፤ ከድምፁ በፊት ደግሞ ትንሽ ዝምታ። ወጣቶቹ ዝምታውን ከየት እንዳመጣሁት ይጠይቁኛል። ሥራ ያስተምራል እላቸዋለሁ።

ያንን እንጨት ሆን ብዬ እንዳቆየሁት ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። እናቴ ሳትሰማ ሞተች።

አባቴ አሁን ሰማንያ ዓመቱ ነው። ቀኝ ዓይኑም ከሄደ ሰነበተ። ባለፈው እሁድ ከሰዓት የእንቁላል ኬክ ይዤለት ሄድኩ፤ ጣፋጭ እንደሚወድ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ያንን ፊልም ከዲስክ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩለት። ሶፋው ላይ በግራው በኩል ተቀመጥኩ። የሻይ አቅራቢው እርምጃ ደረጃው ላይ ሲሰማ የአባቴ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ይቆጥሩ ጀመር። አንድ። ሁለት። አንዱም አልሳተም። ወደ ሰባተኛው ስንደርስ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የሻይ ማንኪያውን አንስቼ የስኒውን ጠርዝ መታሁ።

አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ልክ ሸራው ላይ እንዳዞረው።

"ዘገየሽ" አለኝ። "አርባ ስድስት ዓመት።"

"ታውቅ ነበር?"

"ስድስቱን ያልሳትሽ ልጅ ሰባተኛውን ትስቻለሽ?"

"ለምን አልተቆጣኸኝም? ሥራህን እኮ ነው ያሳጣሁህ!"

"የሚከፍሉኝ ሁሉ እንድወድቅ ነበር የሚከፍሉኝ" አለ። "ተመልካቹም ለእሱ ነው የሚመጣው። እናትሽም ብትሆን ሳልሞት እንድወድቅ ነው የምትለምነው። እንዳሸንፍ የፈለገ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ምን ብዬ ልቆጣው?"

አለቀስኩ።

"በይ ወደ ኋላ መልሽው" አለ በመጨረሻ። "የአሁኑን እንኳ በሰዓቱ ምቺ።"

መለስኩት። ሻይ አቅራቢው ዘጠኙን ወጣ። የሎይ ትከሻ በተነሳ ቁጥር ስኒውን መታሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሰባተኛው ሲነሳ እጄ አላመነታም።

የሰማንያ ዓመቱ ሰውዬ ራሱን አሽከረከረ፣ ክንዱን ወርውሮ ሶፋው ላይ ተዘረጋ፤ እግሩ አንዴ ተወራጨና ቀረ። በሕይወቴ ያን የመሰለ አወዳደቅ አይቼ አላውቅም። ደንግጬ ተነሳሁ።

"ሞቻለሁ" አለ ዓይኑን እንደጨፈነ። "ኬክሽን ሳይቀዘቅዝ ብዪ።"